ያገለገለ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት በጋዜጣ ፈትኑት

ደሴ ውስጥ ሌንስ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። አንዱ ከአዲስ አበባ ያመጣዋል። ሌላው እህቱ ከዓረብ አገር ትልክለታለች። ሠርግ የሚያነሳው ልጅ ካሜራ ሲቀይር የድሮውን ለጓደኛው ይሸጣል። ካርቶን የለም፣ ዋስትና የለም። ብሩ አንዴ ከተቆጠረ መመለስ የሚባል ነገርም የለም። ሻጩ «አብሽር፣ ምንም የለበትም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ከልቡ ነው፤ እሱም ሳይፈትነው ነው የገዛው።

የሌንሱን ስም ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የምታነቡት የሌላ ሰው ሌንስ ወሬ ነው። አምራቾች ከሚያወጡት፣ የሌንስን ጥራት ከሚያሳየው የኤምቲኤፍ ግራፍም ብዙው ከንድፉ ተነስቶ በኮምፒውተር የተሰላ ነው። እናንተ የምትገዙት ግን ይሄኛውን፣ ምናልባት አንድ ቀን ከባጃጅ ወንበር ላይ የወደቀውን ነው። ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ትንሽ ከተዛነፈ ስሙ አያድነውም። ስለዚህ የምንፈትነው ሞዴሉን ሳይሆን እጃችን ላይ ያለውን ዕቃ ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጋዜጣ፣ ትንሽ መልክ ማያ መስታወት፣ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍልና አንድ ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ በዓይን

ሁለቱንም ክዳን አውልቁ። ርካሽ የዩቪ ፊልተር ከፊቱ ካለ እሱንም ፍቱት። ጥሩ ሌንስ አበላሽቶ የሚያሳየው አንዳንዴ ይኼ ፊልተር ነው። ከዚያ ጨለም ያለ ቦታ ሆናችሁ የስልካችሁን ባትሪ በአንድ በኩል አብሩና በሌላው በኩል አየት አድርጉ። መብራቱን በቀጥታ ሳይሆን ጋደል አድርጋችሁ ያዙት።

አቧራ ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ ጥቂት አቧራ ፎቶው ላይ አይታይም። የፊተኛው መስታወት ላይ ያለች ቀጭን ጭረትም ብዙ አትጎዳም፤ የኋለኛው ላይ ያለች ግን ትብሳለች። መጠንቀቅ ያለባችሁ የሸረሪት ድር የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ነገር ስታዩ ነው። ሻጋታ ነው። የደሴ ክረምት ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሌንስ ቦርሳ ውስጥ እንደተዘጋ ከከረመ ሻጋታው መስታወቱ ላይ ይበቅላል፣ ቆይቶም ሽፋኑን ይበላል። ጠቅላላ ውስጡ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለም ያው ነው፣ ምስሉ ይነጣል፣ ይፈዛል። እንዲህ ያለውን እኔ በርካሽም አልገዛም።

የኒኮን የቆዩ ሌንሶች ከካሜራው ሲወጡ አፐርቸራቸው፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ይጠባል። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣት ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱትና ተመልከቱ። ስትለቋት ቀዳዳውን የሚያጠቡት ምላጮች ቶሎ ጥርቅም ካላሉ ዘይት ነክቷቸዋል ማለት ነው።

ጋዜጣውን መስቀል

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ቻርቶች አሉ። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው፣ ሦስት ሦስት መስመር እየሆነ የሚያንሰው ቻርት ዛሬም ይሠራበታል። ግን በተራ ፕሪንተር ሲታተም ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይደፈናሉ፣ ያኔ የምትፈትኑት ፕሪንተሩን ነው። የአማርኛ ጋዜጣ ለእኛ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

የጭቃ ግድግዳ ሜዳ አይደለም፣ አትጠቀሙበት። የቁም ሳጥን በር ወይም ቀጥ ያለ ኮምፔርሳቶ ፈልጉ። ጽሑፍ የበዛበትን ገጽ ምረጡና ምንም ሳይጨማደድ በፕላስተር ለጥፉት። ካሜራው የሚያየውን ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ እስኪሞላ ገጽ ከገጽ አጠገብ ጨምሩ። አራቱም ማዕዘኖች ላይ ጽሑፍ መኖር አለበት።

50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ ካኖን 600ዲ ወይም ኒኮን ዲ5300 ባለ አነስተኛ ሴንሰር ላይ ካደረጋችሁ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስፋት ያያል። የጋዜጣ ፊደል በዚህ ርቀት 20 ፒክስል አካባቢ ቁመት ይኖረዋል። ለፈተና የሚበቃ መጠን ነው። በጣም ከቀረባችሁ ማንኛውም ሌንስ ያነበዋል፣ በጣም ከራቃችሁ ማንም አያነበውም።

አሁን ካሜራውን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሙሉ ፈተናው ከንቱ ይሆንበታል፤ ትንሽ ካዘመመ አንዱ ጎን ይደበዝዝና ጥፋቱ ለሌንሱ ይሰጣል። ዘዴው ቀላል ነው። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት መሃል ላይ ከወረቀቱ ጋር ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉ። በካሜራው ስታዩ የራሱ የሌንሱ ምስል መስታወቱ ውስጥ ይታያችኋል። ያ ምስል የፍሬሙ ትክክለኛ መሃል ላይ እስኪቀመጥ ካሜራውን ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ አድርጉት። መሃል ከገባ ቀጥ ብሏል። መስታወቱን አንሱና ቀጥሉ።

ካሜራውን ማሳረፍ

ስታንድ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት አድርጉና ካሜራውን እሱ ላይ አስቀምጡት፤ ከቀላል ስታንድ ይልቅ ይሄ ይረጋል። ቤታችሁ ዋናው መንገድ ዳር ከሆነ አይሱዙ እስኪያልፍ ጠብቁ። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ካሜራው ሲያነሳ አትራመዱ።

የቀረውን በፍጥነት ልበል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 አድርጉ። ሌንሱ አይኤስ ወይም ቪአር የሚል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ማብሪያ ካለው አጥፉት፤ ካሜራው በቆመበት አንዳንዱ ራሱ እየፈለገ ምስሉን ያነቃንቃል። ሞዱን ኤቪ፣ ኒኮን ላይ ኤ አድርጉ፤ አፐርቸሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ የሸተሩን ፍጥነት ካሜራው። ማንሻውን በጣት ተጭናችሁ አታንሱ፣ ታይመሩን 2 ወይም 10 ሴኮንድ ሙሉት። ላይቭ ቪው ክፈቱ፣ ማለትም ምስሉን በኋላው ስክሪን እዩ፤ በብዙ ካሜራ ውስጡ ያለው መስታወት አስቀድሞ ስለሚነሳ የሱ ንዝረት ይቀንሳል። በሮው (ካሜራው ሳያበጃጀው በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ፣ ካልሆነ በትልቁ ጄፔግ። ሁለት ሌንስ የምታወዳድሩ ከሆነ የካሜራውን የሻርፕነት ማስተካከያ አትነካኩ፣ ለሁለቱም አንድ ይሁን።

ብርሃኑ የመስኮት ይሁን። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሸተር ግን ያየዋል፤ አንዱ ፎቶ ይደምቃል፣ ሌላው ይጨልማል። መሃል ላይ መብራት ሲሄድም ሥራችሁ አይቋረጥም።

አንድ ነገር ከኛ አካባቢ አየር ጋር ይያያዛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ጠዋት በብርድ ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የሞቀ ክፍል ውስጥ ሌንሱን ብታወጡት እርጥበት መስታወቱ ላይ ሊቋጥር ይችላል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ አውጡት።

ፎከስና ማንሳት

አውቶ ፎከሱን አጥፉ። እሱ ለብቻው ይፈተናል። ላይቭ ቪው ላይ የፍሬሙን መሃል 10 ጊዜ አጉሉትና ፊደሉ ቁልጭ እስኪል ቀለበቱን በእጅ አዙሩ። አፐርቸሩ በጣም የተከፈተበት ላይ ሆኖ ነው ፎከስ የሚደረገው፤ ስህተት ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚያ ቀለበቱን ሳትነኩ በየአፐርቸሩ አንሱ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሌንሱ ትንሹ ቁጥር 1.8 ከሆነ ከ1.8 ጀምራችሁ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፎቶ፤ አንዱ በንዝረት ቢበላሽ ሌላው አለ። ዙም ሌንስ ከሆነ በአጭሩ፣ በመሃሉና በረጅሙ ድገሙት። 18-55 ከሆነ 18፣ 35 እና 55 ላይ ማለት ነው፤ በየጊዜው ጋዜጣው ፍሬሙን እንዲሞላ ጠጋ ወይም ራቅ በሉ፣ መስታወቱንም እንደገና ለጥፉ። ፎከሱም እንደ አዲስ ነው።

ምስሉን ማንበብ

በካሜራው ትንሽ ስክሪን አትፍረዱ፣ ላፕቶፕ ላይ በ100 ፐርሰንት ክፈቱት። 200 እና 300 ላይ የትኛውም ሌንስ መጥፎ ይመስላል።

የአማርኛ ጋዜጣ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንንሽ ምልክቶች ነው። ሉ ላይ ቅጥያዋ ወገቡ ላይ ናት፣ ሊ ላይ እግሩ ላይ። ከላይ ባልኩት ርቀት ያቺ ቅጥያ ጥቂት ፒክስል ብቻ ናት። ሌንሱ ካላደረሳት ሉ እና ሊ አንድ ይሆናሉ። አራት ነጥብም ጥሩ ዳኛ ነው። ጥሩ ሌንስ አራቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፣ ደካማው አንድ ጥቁር ነጥብ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ «ሻርፕ ነው፣ አይደለም» ብላችሁ አትከራከሩም፣ ታነባላችሁ። ካነበባችሁ አልፏል።

መጀመሪያ መሃሉን እዩ። በጣም በተከፈተው አፐርቸር ላይ ትንሽ ለስለስ ቢል የሚጠበቅ ነው። እንደ ካኖኑ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ያለ ሌንስ በ1.8 ለስላሳ ነው፣ 2.8 ላይ በጣም ይሻሻላል፣ 5.6 አካባቢ ከጥግ እስከ ጥግ ይጠራል። 11 ካለፈ በኋላ ደግሞ ይፈዛል፣ 22 ላይ በግልጽ ይታያል። ይሄ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ሌንሱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። 5.6 እና 8 ላይ መሃሉ ካልጠራ ግን ችግር አለ፣ ወይ ፎከሳችሁ ስቷል፣ ወይ ካሜራው ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ሌንሱ ታሟል። ፎከሱን ደግሙ። ሁለተኛም ያው ከሆነ ሌንሱን ተዉት።

ቀጥሎ አራቱን ማዕዘኖች ጎን ለጎን ክፈቱ። ማዕዘን ከመሃል መድከሙ የተለመደ ነው። የምትፈልጉት አራቱ እኩል መድከማቸውን ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከደከመ አንዱ መስታወት ከመስመር ወጥቷል። የወደቀ ሌንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ጓደኛዬ ሊገዛው ያሰበውን 18-55 ይዞልኝ መጥቶ አብረን ፈተንነው። 8 ላይ መሃሉ ጥርት ያለ ነበር። ቀኙ ማዕዘን ላይ «ቢሮ» የሚለው ቃል ቢሮ ነው። ግራው ላይ ያለው ተመሳሳይ ቃል ግን በሮ ይሁን ቡሮ አይለይም፣ በ የምትባለዋ ፊደል ሁለት እግሯ ተገናኝቶ ጥቁር ሳጥን ሆናለች። «አሰቃቀላችን ይሆን እንዴ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ካሜራውን መገልበጥ ነው። ከረጢቱ ላይ በጭንቅላቱ አስቀመጥነው፣ በመስታወቱ አስተካከልን፣ ደግመን አነሳን። አሁን የደበዘዘው ከጋዜጣው በስተቀኝ ያለው ጽሑፍ ሆነ። ድብዘዛው ከካሜራው ጋር ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። እዚያው የጋዜጣ ጥግ ላይ ቢቀር ኖሮ አሰቃቀሉ ወይም ወረቀቱ ነበር።

ጓደኛዬ ግን ሌንሱን ገዛው። ፋይሎቹን ለሻጩ አሳየውና ዋጋው ላይ ተስማሙ። ጉርድ ፎቶ ላይ ፊት መሃል ነው፣ ማዕዘኑ ነጭ ጀርባ ነው። ለሱ ሥራ ያ ሌንስ ደህና ነው። ያንኑ ሌንስ ሐይቅ ዳር ወርዶ መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ሰው ወይም የድሮ ብራና ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አልመክረውም። የሠርግ ሰው ደግሞ ማየት ያለበት 2.8 ላይ መሃሉንና ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለውን ነው። የሙሽሮቹ ፊት የሚውለው እዚያ ነው። የምስሉ የመጨረሻ ጥግ የአዳራሹ መጋረጃ ነው።

አራቱም ማዕዘን እኩል ከደበዘዘ ቶሎ አትፍረዱ። ላይቭ ቪው ላይ አንዱን ማዕዘን አጉልታችሁ ፎከሱን እዚያ አድርጉና አንሱ። ማዕዘኖቹ ጠርተው መሃሉ ከፈዘዘ ሌንሱ የሚያየው ሜዳ ጠመም ያለ ነው። የንድፍ ባሕርይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ጋዜጣ ላይ ይታያል፣ ሰው ስታነሱ ግን አታስተውሉትም።

ሌንሱ ነው ወይስ አውቶ ፎከሱ?

በእጅ ፎከስ አድርጋችሁ ጥርት ብሎ የወጣ ሌንስ በአውቶ ፎከስ ሊደበዝዝ ይችላል። ውስጣቸው መስታወት ኖሯቸው በቪው ፋይንደር (ዓይን በሚጠጋበት ቀዳዳ) በሚታይባቸው ካሜራዎች ፎከሱን የሚለካው ሌላ ሴንሰር ስለሆነ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡና አንዱን ጫፍ ወፈር ባለ መጽሐፍ ከፍ አድርጉት፤ ካሜራው በ45 ዲግሪ አካባቢ እንዲያየው። መሃሉ ላይ፣ 15 ቁጥር አጠገብ፣ ለካሜራው ፊት ለፊት የሚታይ ትንሽ ካርድ አቁሙ። በጣም በተከፈተው አፐርቸር፣ በቪው ፋይንደር፣ በመሃለኛዋ ነጥብ ካርዱ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ። ፎከሱን በእጅ አበላሹና ደግሙ። ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ። ሁልጊዜ ወደ እናንተ የቀረበው ቁጥር ከጠራ ወደ ፊት ይስታል፣ የራቀው ከጠራ ወደ ኋላ። አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ካለ ግን ሞተሩ ወይም ብርሃኑ ነው።

ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚስት ሌንስ ሊስተካከል ይችላል። ካኖን 7ዲ፣ 70ዲና 5ዲ ማርክ 2 ማይክሮ አጀስትመንት የሚል ማስተካከያ አላቸው፣ ኒኮን ዲ7000ም እንዲሁ። ካኖን 600ዲና 60ዲ ላይ፣ ኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ላይ የለም። የእናንተ ከነዚህ አንዱ ከሆነ እንዲህ ያለ ሌንስ ለላይቭ ቪው ሥራ ካልሆነ አይጠቅማችሁም። ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ፣ በዋናው ሴንሰር ስለሚለካ በዚህ ብዙም አይቸገርም።

ሩቁን በቆርቆሮ

ረጅም ሌንስ፣ ለምሳሌ 70-200፣ ሩቅ ላይም መታየት አለበት። ደሴ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ በኩል ትንሽ ከፍ በሉና ወደ ታች ተመልከቱ። ቆርቆሮ ጣሪያ ከፊታችሁ ተነጥፏል። የተለመደው ቆርቆሮ አንዱ ሞገድ ከሌላው 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ይራራቃል። በ200 ሚሊ ሜትር፣ በግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ያ ልዩነት ሴንሰሩ ላይ ጥቂት ፒክስል ይሆናል። ሞገዶቹ እየተለዩ ከተቆጠሩ ሌንሱ ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ግራጫ ከሆነ ፎከሱን አጣሩና ደግሙ። በ50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ150 ሜትር ያልራቀ ጣሪያ ምረጡ።

ሰዓቱን ግን ምረጡ። ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ከተማዋን ይሸፍናታል፤ በጉም ውስጥ የተነሳ ፎቶ ስለ ሌንሱ ምንም አይናገርም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቀን ላይ ከአስፋልቱና ከጣሪያው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ጠዋት 1 ሰዓት እና 2 ሰዓት መሃል ሁለቱም ቦታ ደህና ነው፣ ጉም ከሌለ። ፀሐይ የሚያብለጨልጭበት ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ካያችሁ አፐርቸሩን ትንሽ ስታጠቡት ይቀንሳል። በዚህ ብቻ ሌንስ አይጣልም።

ሻጩ ከቸኮለ

ፒያሳ መንገድ ዳር ቆሞ «ትገዛለህ አትገዛም?» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጋዜጣ የምትሰቅሉበት ጊዜ የለም። የራሳችሁን ካሜራና ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። በባትሪ ውስጡን እዩ። ሌንሱን ከጆሯችሁ አጠገብ ቀስ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቪአር ወይም አይኤስ ያለው ትንሽ ሊንኳኳ ይችላል፣ የሌለው ግን መንኳኳት የለበትም። ከዚያ ጽሑፍ የበዛበት ሰፊ የሱቅ ማስታወቂያ ፊት ለፊት በትክክል ቁሙ። በጣም በተከፈተው አፐርቸር ሁለት፣ 8 ላይ ሁለት አንሱ፤ ሸተሩ ከ1/500 በታች እንዳይወርድ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፣ እዚህ ላይ ከተንቀጠቀጠ ምስል ነጠብጣብ የበዛበት ይሻላል። እዚያው አጉልታችሁ የግራና የቀኝ ጫፉን አወዳድሩ። ይሄ ትልቁን ጥፋት ይይዝላችኋል፣ ትንንሹን አይዝም። ስለዚህ ሻጩን «እስከ ነገ ይቆይልኝ፣ ቀብድ ልተው» ብትሉት፣ በቀብድ ወስዳችሁ ቤት ብትፈትኑት ይመረጣል። የሚተማመን ሰው አይከለክላችሁም።

ከገዛችሁት የመጀመሪያውን የጋዜጣ ፎቶዎች አትሰርዙ። የሌንሱን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ ጋዜጣውንም አጥፋችሁ ሳይሆን ጠቅልላችሁ አኑሩት። ሌንሱ አንድ ቀን ከወደቀ ወይም «ፎቶው ደበዘዘብኝ» ካላችሁ በዚያው ጋዜጣ፣ በዚያው ርቀት ደግማችሁ አንሱና ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱ።